ስለ ወለቃ መሟገት ያስተማረኝ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲኬድ፣ ከተማው ሳይርቅ፣ ጥቁር ሸክላ በመንገድ ዳር ተደርድሮ፣ የዳዊት ኮከብም በጎጆ ግድግዳ ላይ ተስሎ ይታያል። ያደግሁት እዚያ ነው። ስለ መንደሬ በየስብሰባው መሟገት ከጀመርሁ ወዲህ የገባኝ እነሆ።

መጀመሪያ የማን ቤት ውስጥ እንደቆምሁ ማወቅ ነበረብኝ። ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች። ርስት ስለተነፈጉ ወንዶቹ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠርተው ኖሩ፤ በሕግ የመሬት መብት ያገኙት በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ብዙም አልቆዩበትም። በ1977 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄደ። የእኔ ወገን ከቀሩት ጎረቤቶች ነው። ስለዚህ እኔ አደራ ጠባቂ እንጂ ወራሽ አይደለሁም። ይህን ከተቀበልሁ በኋላ ነው አፌ የተፈታው።

ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሳይቀመጡ ስለ ሸክላ መናገር ከንቱ ነው። አፈሩን ወቅጣ ትነፋለች፤ አቡክታ በእጇ ብቻ ታቆመዋለች፤ ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ታሸዋለች። ከዚያ ኩበትና እንጨት ይከመርበታል። በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከነካው ይፈነዳል። በአንድ ስብሰባ ሁላችን ስለ ሙዚየምና ስለ ቱሪስት ስናወራ፣ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጆቼ፣ ክረምት ደረሰ፤ ማድረቂያ ጣራ ብቻ ስጡኝ» አሉ። አሁን ስብሰባ የምሄደው ከእሳቸው ጋር ነው። ጥያቄያቸው ቃለ ጉባኤው ላይ ሳይጻፍም አንነሣም።

ስለ ሸክላ ሠሪዋ መሟገት ግን ከቢሮ ይልቅ ሠርግ ቤት ይከብዳል። ጀበናውን ገዝቶ ከሠሪዋ ጋር ቡና የማይጠጣ፣ «ቡዳ ናት» ብሎ ልጁን የሚሸሽግ ዛሬም አለ። የጎንደር ብቻ ነውር አይደለም፤ በጋሞና በዳውሮም ሸክላ ሠሪው ተገፍቶ ኖሯል። ባለሥልጣን ፊት ይህን ስናገር ይጨበጨብልኛል፤ ዘመድ ፊት ስናገር ግን «አንተ ደግሞ!» ተብዬ ወሬው ይለወጣል። ቢሆንም እዚያው ደጋግሜ መናገሩ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከእስራኤል የሚመጡት የቤተ እስራኤል ወጣቶች ለፎቶ ብቻ አይመጡም። አያቶቻቸው በአገራችን ተራራ ላይ ሲያከብሩት የነበረው ስግድ እዚያ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ በዓል ነው፤ እሱን ያውቁታል። የሚጠይቁን መቃብሩንና «የአያቴ ቤት የቱ ጋ ነበር?» የሚለውን ነው። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ደግሞ እያለፉ ነው። ስለዚህ ማን የት እንደነበረ ቤት በቤት እየመዘገብን ነው። ከአስፋልቱ በላይ ያለው ሰፈር ምዝገባ ሊያልቅ ነው፤ የታችኛውን የሚያውቁትን አዛውንት ግን ከቅዳሜ ገበያ እስኪመለሱ መጠበቅ አለብኝ፤ ሌላ ቀን ማሳ ላይ ናቸው።