ዲን ጫካና ወጨጫ፦ ብስክሌት በሁለት ዳገት

እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከሚኖር ሰው ጋር ስለ ተራራ ማውራት ለእኛ ለኢትዮጵያ ደገኞች ትንሽ ያስቸግራል። የሰቨርንን ድልድይ ተሻግረን የምንሄድበት የዲን ጫካ ከፍተኛው ጉብታ ከባሕር ጠለል በላይ 290 ሜትር ገደማ ነው። እኛ አገር ይህ ቆላ ነው። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜና እሑድ ብስክሌቱን መኪናው ላይ የጫነ ሕዝብ ወደዚያ ይጎርፋል፤ እኔም ከጎራፊዎቹ አንዱ ነኝ። ለምን ብትሉ፣ ለእኛ ዳገቱን እግዜር ሰጠን፤ እንግሊዞቹ ደግሞ መንገዱን ሠሩ።

ጫካው በሰቨርንና በዋይ ወንዞች መካከል ነው። ካኖፕ በሚባለው ሸለቆ ብስክሌት የሚከራይበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ሲመለሱም ጭቃ የሚታጠብበት ቦታ አለ። መንገዶቹ እንደ ክብደታቸው በቀለም ተለይተዋል፤ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ ለመካከለኛ፣ ቀይ ለለመደ፣ ጥቁር ለራሱ ለማይሳሳ። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው ሌላ ሰፊ መንገድ አለ፤ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይጓጓዝበት የነበረው የባቡር ሐዲድ ተነስቶ የተደለደለ ነው።

እኔ የምወደው ሰማያዊውን ነው። ቬርደረርስ ይባላል፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ዳገቱን እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ያወጣችኋል፤ ስፋቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ መታጠፊያዎቹ በውጭ በኩል አፈራቸው ከፍ ተደርጎ ስለተገነባ ብስክሌቱን አጋድማችሁ ብትዞሩም ጎማው አይለቅም። መሬቱ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ለጨዋታ ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ላየው ግን በየዝቅታው ጠርዙ ወደ ጎን ተከፍቷል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው መንገዱን ይዞ እስከ ታች እንዳይጋልብ በየጥቂት ሜትሩ ያስወጡታል ማለት ነው። በዚያ ዝናብ በማያቋርጥበት አገር መንገዱን ያቆየው ይህ ነው። ሥራውም አላለቀም። አካፋና ዶማ ይዘው በነፃ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ቦዩን ይጠርጋሉ፣ የተቦረቦረውን በድንጋይ ይሞላሉ። በሳምንቱ እዚያው ላይ ይነዳሉ።

ስሙም ታሪክ አለው። ቬርደረር የሚባሉት ጫካው የንጉሥ ማደኛ በነበረበት ዘመን ዛፉንና አውሬውን እንዲጠብቁ የተሾሙ ዳኞች ናቸው። ሹመቱ ዛሬም አለ፤ አራት ናቸው፣ ለዕድሜ ልክ ይመረጣሉ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በተሠራው ስፒች ሀውስ በተባለ ቤት ይሰበሰባሉ። አጠገቡ ያለው ቀዩ መንገድ ደግሞ ፍሪማይነርስ ይባላል። ስሙ የመጣው ከጫካው ተወላጆች መብት ነው፤ በዚያ ወረዳ ተወልዶ፣ 21 ዓመት ሞልቶት፣ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ማዕድን ውስጥ የሠራ ሰው የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰል ማውጣት ይፈቀድለታል። መብቱ በ1838 እ.ኤ.አ. በሕግ ጸና። ብስክሌት ነጂው እንግዳ ነው፤ የሚሄደው በባለመብቶቹ ስም በተሰየመ መንገድ ነው። ስለዚህ መንግሥት በ2010 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ደኖችን ለመሸጥ ሲያስብ የዲን ሰው ሆ ብሎ መነሳቱ አላስገረመኝም። በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ሐሳቡ ቀረ።

  

ከተሠራው መንገድ ስትወጡ ግን እንግሊዝ ጠባብ ናት። ለእግረኛ ብቻ በተፈቀደው መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት መብት አይደለም። ለፈረስ በተፈቀደው ላይ ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሕግ ይቻላል፤ ግን ለእግረኛውም ለፈረሰኛውም ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው። የቀረው አጥር፣ በር፣ ማስጠንቀቂያ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ይታፈናል። እኛ ጋ የእግር መንገድ የሁሉ ነው፤ ከእርሻው ጫፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ያልፋል።

እኔም አገር ቤት ለእረፍት ስሄድ ይህን ነፃነት ነበር የናፈቅሁት። የሄድኩበት የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከወጨጫ ተራራ ጎን ነው። ጥዱን በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እንግሊዞች አንድን ደን ጥንታዊ የሚሉት ከ1600 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቋረጥ ደን ሆኖ ከኖረ ነው፤ ትውፊቱ እውነት ከሆነ የእኛው ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ዝግባው፣ ወይራው፣ ከፍ ሲሉም ኮሶው አለ። ጉሬዛ ከላይ ሆኖ ያያችኋል። በር ላይ ከፍዬ፣ ጥበቃዎቹን አስፈቅጄ፣ ብስክሌቱን በመኪናው መንገድ ብቻ ነዳሁ። ትንፋሽ የሚባል ነገር የለም፤ ብሪስቶል ላይ የተሰበሰበ ጉልበት እዚያ ከፍታ ላይ አይሠራም።

ከጫካው ውጭ፣ በተራራው ጎን ወዳሉት የእግር መንገዶች ስወጣ ነው ነገሩ የተለወጠው። በጠባቡ ቁልቁለት ግማሽ ላይ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው ከታች ብቅ አሉ። ሸክሙ ከመንገዱ ይሰፋል። ወገባቸው ስለጎበጠ የሚያዩት እግራቸው ሥር ያለውን ብቻ ነው፤ ቢቆሙ ደግሞ ያንን ሸክም እንደገና ማንቀሳቀስ ሌላ መከራ ነው። ፍሬን ይዤ ወረድኩና ብስክሌቱን አቅፌ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባሁ። እሳቸው ቀና ሳይሉ መርቀውኝ አለፉ። ከኋላቸው የተጫኑ አህዮች፣ ከአህዮቹ ኋላ አንድ አዛውንት መጡ። “አካም ጅርቱ” ስላቸው ሳቁና በአማርኛ መለሱልኝ፦ “ከየት ነህ ልጄ?” ከእንግሊዝ አገር መምጣቴን ስነግራቸው ብስክሌቱን ከጎማ እስከ መሪው አዩት። “መኪና የለህም እንዴ?” አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነው።

ዲን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥምም። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚኬድበት ነው፣ ከፊት የሚመጣ ሰው የለም፣ ለኑሮው የሚመላለስበትም የለም። የወጨጫው መንገድ ግን የሥራ መንገድ ነው፤ የገበያ፣ የውሃ፣ የማገዶ፣ የለቅሶ። የኔን ጨዋታ እዚያ ላይ ማምጣት ለኔ ነፃነት ነው፤ ለእኚያ እናት ግን ሌላ ሸክም ነው። ከዚህም በላይ አፈሩ አለ። ቁልቁል ፍሬን የሚይዝ ጎማ ቦይ ይቆፍራል፣ ክረምት ያንን ቦይ ጎርፍ ያደርገዋል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አህያ የማያልፍበት ገደል ይሆናል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለው፤ ጅማሬው ጥሩ ነው። ብስክሌት ለአገሩም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. የሜልቦርን ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች ነበሯት፣ ባሕር ዳርም በሳይክል የታወቀች ከተማ ናት። አሁን ግን አስጎብኚዎች በየተራራው ፈረንጅ በብስክሌት ማውረድ ይዘዋል፤ የሚያወርዱትም በገበሬው መንገድ ነው። እኔ ይህን አልደግፍም። ከዲን የምንቀዳው ብስክሌቱን ወይም ባለ ቀለም ምልክቱን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው፦ የብስክሌቱ መንገድ ከሠራተኛው መንገድ ይለይ፣ ሲቀየስ ነዋሪው ይጠየቅ፣ ቆፋሪውና ጠራጊው የአካባቢው ወጣት ሆኖ ደመወዝ ይከፈለው፣ ውሃው መውጫ ይበጅለት። ብስክሌቱ ሳይበዛ ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ ከበዛ በኋላ ጠብ ነው።

ብስክሌት ይዛችሁ አገር ቤት ለምትሄዱ ሰዎች፦ ካላማዳሪና የፍሬን ሸራ ይዛችሁ ሂዱ፤ በልካችሁ ላታገኙ ትችላላችሁ። የተጫነ አህያ ሲመጣ በመንገዱ በላይኛው በኩል ቁሙ፤ በታችኛው ከቆማችሁ ጭነቱ ገፍቶ ይጥላችኋል። አብዛኞቻችን ፈቃድ የምናገኘው በሐምሌና በነሐሴ መሆኑን አውቃለሁ፤ በእነዚያ ወራት ግን ብስክሌቱን እዚሁ ተዉት። ጭቃው አያስነዳም፣ የምትተዉትም ቦይ ለሰዎቹ ይቀራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሂዱ።