ሁለት ሥዕል ያለው አንድ ነገር

በኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚያሰናክል አንድ ትንሽ ምልክት አለ፤ ይኸውም በሁለቱም ጫፍ ራስ ያለው ቀስት ነው። በግራ አንድ ሥዕል፣ በቀኝ ሌላ ሥዕል ይቀመጥና ቀስቱ በመካከላቸው ይሰመራል፤ ነገሩም ሬዞናንስ ይባላል። ተማሪው ቀስት ሲያይ ጉዞ ይመስለዋልና ሞለኪውሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ የሚውል አድርጎ ይይዘዋል።

ወልቂጤ የምትማረው የእህቴ ልጅ ለዕረፍት ወደ ቡታጅራ ስትመጣ ይህንኑ ይዛብኝ መጣች። «ጋሼ፣ ይህን ትምህርት ልተወው ነው፤ ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ» አለችኝ። ኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ጥያቄዋን ወደድሁት። ነገር ግን እናቷ በርበሬ ሸጣ የምታስተምራት ልጅ ናትና «ልተወው» ማለቷ አስደነገጠኝ።

የተቸገረችበት ነገር ቤንዚን ነው። ለመኪና የምንቀዳውን ነዳጅ ማለቴ አይደለም፤ አማርኛችን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራል እንጂ ይህኛው ስድስት ካርቦንና ስድስት ሃይድሮጅን ያለው ሞለኪውል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሊቅ ኬኩሌ ካርቦኖቹ ቀለበት ሠርተው እንደተያያዙ አሳወቀ። ነጠላና ድርብ ቦንድ እያፈራረቅን ቀለበቱን ስንሥለው ግን ሁለት ዓይነት ሥዕል ይወጣል። በ1872 ኬኩሌ ራሱ ቦንዶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ የሚል አሳብ አቀረበ። «እንግዲህ አንቺን ያደናቀፈሽ ድንጋይ ታላቁን ሊቅም አደናቅፎታል» ብላት ፈገግ አለች።

ኋላ ርዝመታቸው ሲለካ ነገሩ ተገለጠ። በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለው ነጠላ ቦንድ 154 ፒኮሜትር፣ ድርቡ 134 ፒኮሜትር ያህል ነው። የቤንዚን ስድስቱም ቦንዶች ግን እኩል፣ 139 ገደማ ናቸው። አሜሪካዊው ሊነስ ፖሊንግ በ1930ዎቹ ዓመታት ይህን በሬዞናንስ አስረዳ፤ ስለ ኬሚካል ቦንድ ባደረገው ምርምርም በ1954 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

መምህራን ይህን ሲያስረዱ በቅሎን ይጠቅሳሉ። በቅሎ ጧት አህያ፣ ማታ ፈረስ አትሆንም፤ ዘወትር በቅሎ ናት። መልካም ምሳሌ ነው፤ ሆኖም አህያም ፈረስም በዓለም ላይ አሉ፤ ሁለቱ የቤንዚን ሥዕሎች ግን ከወረቀት በቀር የትም የሉም። ስለዚህ እኔ ለልጅቱ ቆጮን መረጥሁላት። እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ብሎ የሰየመው የውጭ አገር ሰው ቆጮ ቢቀምስ፣ ለአገሩ ሰው ሲጽፍ አንድ ጊዜ «ዳቦ ይመስላል»፣ አንድ ጊዜ «እንደ እንጀራ ይኮመጥጣል» ይል ይሆናል። ቆጮው በዚህ ምክንያት አልተለዋወጠም፤ ቃል ያጠረው ጸሐፊው ነው። በእኛም ሥዕል አንድ መስመር ማለት ሁለት ኤሌክትሮን ነው። የቤንዚን ቦንድ ደግሞ አንድ ተኩል ያህል ነው፤ ተኩል መስመር ስለሌለን ሁለት ሥዕል እንሥላለን። ኤሌክትሮኖቹ ግን በቀለበቱ ሁሉ ተንሰራፍተው ይኖራሉ።

«ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» አለች እህቴ በርበሬ እየቀነጠሰች። መልሱ በእጇ ነበር። የማረቆን በርበሬ ከሚያቀሉት ቀለሞች ዋናው ካፕሳንቲን ይባላል፤ በውስጡም ነጠላና ድርብ ቦንድ የሚፈራረቁበት ረጅም ሰንሰለት አለ። እንደ ቤንዚን ቦንዶቹ ሁሉ እኩል አይሁኑ እንጂ እዚህም ኤሌክትሮኖቹ በሰንሰለቱ ላይ ይንሰራፋሉ። በዚህም የተነሣ ከብርሃን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ይውጣል፤ ቀዩ ወደ ዐይናችን ይመለሳል። ፀሐይና አየር ሲበዛበት ሰንሰለቱ ይበጣጠስና ቀለሙ ይገረጣል።

«መገርጣቱንማ ገበያው ያስተምራል፤ የገረጣ በርበሬ ማን በደኅና ዋጋ ይገዛል?» አለች እህቴ።

ልጅቱ አንድ ዛላ አንሥታ አየችና ደብተሯን አውጥታ ሰንሰለቱን እያየች መሣል ጀመረች። በሦስተኛው ሥዕል ላይ አንዱን ካርቦን አምስት ቦንድ አሸክማው ስላገኘሁት እንድታርመው ነገርኋት።