ምግብ ቤት በዕቃው ይታመናል

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአበው አነጋገር ወደ ቤታችን ለሚመጣ እንግዳ የተነገረ ይመስላል። ነገር ግን ምግብ ሸጠው ለሚያድሩ ወገኖቻችንም ትልቅ ምክር ነው። በምግብ ቤት ግን ፊት ማለት የአስተናጋጁ ፈገግታ ብቻ አይደለም፤ ሳህኑም፥ ብርጭቆውም፥ ጭልፋውም የቤቱ ፊት ናቸው።

ምግብን በዋጋ መሸጥ በአገራችን የቆየ ልማድ አይደለም። ወደ 1900 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ፥ ሕዝቡ ከፍሎ መብላትን ስላልለመደ ገበያው ሳይደራ ቀርቶ ነበር ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክም መኳንንቱን ይዘው እየሄዱ፥ በልቶ መክፈልን በራሳቸው ምሳሌነት አስለመዱ ተብሎ ይነገራል። ከዚህ የምንረዳው፥ የምግብ ቤት ዋና ማስታወቂያ በልቶ ተደስቶ የወጣ ሰው መሆኑን ነው።

ዛሬ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ፥ እንዲሁም የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ በሚወጣው መንገድ ብዙ ሰው ይመላለሳል። ነጋዴው፥ ሾፌሩ፥ መምህሩ፥ የጓሳን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የመጣው እንግዳ ሁሉ ምሳውን ከምግብ ቤት ይበላል። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ በዚሁ ሥራ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠርናቸውም በመካከላቸው አሉ። ስለዚህ የቤታቸው መክሰርም ሆነ መጠቀም እኛን ይመለከተናል።

ከሁሉ በፊት ልናሳስብ የምንወደው ስለ ጾም ዕቃ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ 15 ቀን ይጾማል፤ ጾመ ነቢያትን፥ ረቡዕንና ዓርብን ስንጨምርበት፥ በአገራችን የጾም ገበያ ከፍስኩ ገበያ የማያንስ ሆኖ እናገኘዋለን። አንድ ዓርብ ከአንድ ሽማግሌ ካህን ጋር ስንጓዝ፥ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ከአንድ ምግብ ቤት ገባን። የቀረበልን ሽሮ ቅቤ ቅቤ ሸተተን። ባለቤቲቱ ቅቤ እንዳላገባችበት ማለች፤ እውነቷንም ነበር። ነገር ግን የተቀዳበት ጭልፋ ከሥጋው ድስት የወጣ ነበር። ካህኑ ክፉ ቃል ሳይናገሩ ሒሳቡን ከፍለው ተነሡ፤ ያን ዕለት ቆሎ ቆርጥመው አደሩ። ከዚያ በኋላ ግን ያን ቤት አልረገጡትም፤ አብረዋቸው የሚጓዙትም ሁሉ እንደ እርሳቸው አደረጉ። ባለቤቲቱ ገበያዋ ለምን እንደ ቀነሰ እስከ ዛሬ ላታውቅ ትችላለች።

በሌላ ከተማ ያየናት ሴት ደግሞ በጾም ድስቶቿ፥ በጭልፋዋና በቢላዋዋ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራ፥ ለብቻቸው ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ታኖራቸዋለች። መደርደሪያው ከበሩ ፊት ለፊት ስለሆነ የሚገባው ሁሉ ያየዋል፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠይቃት መልሱን ሰጥታለች። ረቡዕና ዓርብ በቤቷ መቀመጫ አይገኝም። ያወጣችው ገንዘብ ግን የጥቂት ዕቃና የአንድ ጥቅል ክር ዋጋ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአገራችን ብርድ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስሉምና ከዋዜማው መዘፍዘፍ ይገባቸዋል፤ ለመጠጥ የሚፈላ ውሃም መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። በቆርቆሮ ሳህን የቀረበ ወጥ ወዲያው ይበርዳል፤ ሸክላ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሽሮው በትንሽ የሸክላ ድስት እየተንተከተከ ቢቀርብ ለዓይንም ለሆድም ደስ ያሰኛል። ለእጅ መታጠቢያም ከሳሙናው ጋር ለብ ያለ ውሃ ቢቀርብ መንገደኛው አይረሳውም።

ሦስተኛው፥ አፉ የተሸረፈ ሲኒና የተሰነጠቀ ብርጭቆ ከንፈር ከመቁረጣቸውም በላይ በስንጥቃቸው እድፍ ይይዛሉና ይወገዱ። አዲስ ሲገዛም ውድ ከመምረጥ ይልቅ ሁሉን በአንድ ዓይነት መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ቢሰበር ተመሳሳዩን መተካት ይቻላልና። መሶቡ በደንብ ሳይደርቅ እንጀራ አይቀመጥበት፤ ይሻግታል። ዋጋውም ለአገሬውም ለእንግዳውም አንድ ሆኖ በግድግዳ ላይ ይጻፍ። ከሩቅ ለመጣ ሰው ደግሞ በከተማው የሰለቸውን መኮሮኒ ከማቅረብ፥ የገብስ እንጀራችንን፥ በሶአችንንና ቆሎአችንን በንጹሕ ሰፌድ አሰማምሮ ማቅረብ ይበልጣል።

«አቅም የለኝም፤ ያለኝ ድስት አንድ ብቻ ነው» የምትል እኅት ብትኖር፥ ለእርሷም ምክር አለን። ጾመኛ ሲመጣባት «ዛሬ የጾም ዕቃ የለኝም» ብላ እውነቱን ትንገረው። የዚያን ቀን አንድ ምሳ ሳትሸጥ ትቀራለች፤ ሰውየው ግን ቃሏ የሚታመን መሆኑን ዐውቆ ይሄዳል። ሁለተኛውን ድስት የገዛች ዕለት ወደ እርሷ የሚመለሰው አስቀድሞ እርሱ ነው።