የአጎቴ ዳማ ፈረስ

ጉግስ ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው የፈረሰኞች ጨዋታ ብቻ ይመስላል። ሁለት ወገን የሆኑ ፈረሰኞች በሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከአንደኛው ወገን ጥቂቶች ወጥተው ይሸሻሉ፤ የሌላው ወገን ሰዎች ዘንግ ይዘው በሽምጥ ይከተሏቸዋል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፤ ሸሺው ወደ ኋላው ዘወር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ቀጥሎ ተራው ይለወጥና አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። በገናና በጥምቀት በዓል የሚዘወተረው ይህ ጨዋታ በቀድሞ ዘመን የጦር ሜዳ ማለማመጃም ነበረ።

ይሁን እንጂ ጉግስ ከፈረሰኛው ይልቅ በፈረሱ ላይ ይከብዳል። የፈረስ ዓይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለሚገኙ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከጅራቱ በስተኋላ ያለውን ጠባብ ስፍራ ግን ማየት አይችልም። በጉግስ ጊዜ ታዲያ አሳዳጁ የሚመጣው በዚያው በማያየው በኩል ነው። ፈረሱ ከኋላው የሰኮና ድምፅ ይሰማል፤ ዘንግ በጋሻ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅም በጆሮው ላይ ይፈነዳል። ተፈጥሮው ሽሽ ይለዋል፤ ጌታው ደግሞ ዙር፣ ቁም፣ ተመለስ ይለዋል። በጀርባው ላይ የተቀመጠውን ሰው የማያምን ፈረስ ይህን ሁሉ ችሎ ሊታዘዝ አይችልም።

ከጉና ተራራ ግርጌ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚዘረጋው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር፣ መልካም የጉግስ ፈረስ ያለው ሰው ስሙ ከፈረሱ ጋር ይነሣ ነበር። ይህም ከቤተ መንግሥት እስከ ገበሬ ቤት የወረደ ልማድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። በጎጃም በኩል በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23 ቀን ሲሆን፣ በዓድዋ ጦርነት ከሰው ጋር የዘመቱትን ፈረሶችም ያስባል። ስለዚህ አንድ ሰው «ይህ ፈረስ ከእንግዲህ ወዲህ ለጉግስ አይሆንም» ብሎ ሲወስን ከራሱ ስም ላይ አንድ ነገር ቆርጦ እንደ መጣል ይቈጠርበታል። አጎቴ ያን ዓመት የተጨነቁት በዚህ ጭምር ነበር።

በወገዳ ከተማ ተማሪ ሳለሁ በዓልና ዕረፍት በሆነ ቍጥር የሦስት ሰዓት መንገድ ተጉዤ ወደ አጎቴ ቤት እሄድ ነበር። አጎቴ አንድ ዳማ ድንጉላ ፈረስ ነበራቸው። አንገቱ ረዥም፣ ደረቱ ሰፊ፣ በሽምጥ ግልቢያ ከቀበሌው የሚቀድመው ያልነበረ ፈረስ ነው። የገዙት ስድስት ዓመት ሲሆነው ከሌላ ባለቤት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ያስቸግር ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ሲጫን መንከስ፣ በሜዳ ላይ ወደ ግራ ሲያዞሩት በኋላ እግሮቹ መቆም፣ አንዳንድ ጊዜም ልጓሙን ነክሶ ፈረሰኛውን ወደ ገደል አፋፍ ይዞ መሮጥ ጀመረ። የጥምቀት ዕለት የአጎቴን ታላቅ ልጅ ከሕዝብ ፊት አሽቀንጥሮ ጣለውና የትከሻውን አጥንት ሰበረው። ወጌሻ ተጠርቶ አሰረለት፤ ክንዱ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ሞፈር ሊይዝ አልቻለም።

በዚያው ምሽት ዘመድ ተሰበሰበ። አንዱ «ዛሬውኑ ይሸጥ» አለ፤ ሌላው «ይኮላሽ፤ ያን ጊዜ እንደ በግ ይሆናል» አለ፤ አንድ ወጣት ደግሞ «በአለንጋ ቢገራ ነው» ብሎ ተነሣ። አጎቴ ለሁሉም መልስ አልሰጡም። በማግስቱ ፈረስ በማወቅ የታወቁ አንድ ሽማግሌ አስጠሩ።

ሽማግሌው የመጡት በበቅሎ ነበር። ፈረሱን ወዲያው እንዲያወጡላቸው አልጠየቁም፤ ከጋጣው አጠገብ ተቀምጠው ሲበላ አዩት። ቀጥለው ያለ ኮርቻ አንድ ልጅ እንዲቀመጥበት አደረጉ፤ ዳማው በሰላም ሄደ፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ዞረ። ኮርቻው ሲመጣ ግን ገና ጀርባውን ሳይነካው ጆሮዎቹን ወደ ኋላ አጣጠፈ። ሽማግሌው ኮርቻውን አስመለሱና በመዳፋቸው ጀርባውን ከጋማው ሥር ጀምረው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። በግራ በኩል ከትከሻው ኋላ ሲደርሱ ፈረሱ ቆዳውን አንቀጠቀጠና ወገቡን ሰበቀ። ጠጉሩን ገለጥ ሲያደርጉት በዳማው መካከል የጣት ስፋት ያላቸው ነጫጭ ጠጉሮች ታዩ። በገጣባ ላይ የሚበቅል ጠጉር ብዙ ጊዜ ነጭ ይሆናል፤ ቁስሉ ቢድንም ምልክቱ አይጠፋም።

«ልጄ» አሉ አጎቴን፤ «ይህን ፈረስ ክፉ ያደረገው ኮርቻ ነው። አሮጌ ገጣባ አለበት፤ የአንተም ኮርቻ እንጨቱ ጠቦ በዚያው ላይ ያርፋል። ወደ ግራ ስታዞረው ክብደትህ ሁሉ እዚያ ይወርዳል። ሰው ሲወድቅለት ሕመሙ እንደሚቀርለት አውቋል።»

ስለ ታላቁ እስክንድር የሚነገረውን ታሪክ ያነበበ ሰው ቡኬፋሎስ የተባለውን ፈረስ ያስታውሳል። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ ለንጉሥ ፊልጶስ ሊሸጥ የመጣውን ይህን ፈረስ ማንም ሊቀመጥበት ስላልቻለ ንጉሡ ወዲያ ውሰዱት አለ፤ ልጁ እስክንድር ግን ፈረሱ የገዛ ጥላውን እንደሚፈራ አስተውሎ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረውና ጋለበው። ታሪኩ ያማረ ነው። የፍርሃቱ ምክንያት በታወቀ ጊዜ ችግሩም በዚያው ዕለት አለቀ። የአጎቴ ፈረስ ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አልተፈጸመም።

አጎቴ የኮርቻውን እንጨት ለባለሙያ ሰጥተው አስፋቱት፤ ድብዳቡንም አዲስ አሠሩ። ዳማው እስከ ክረምቱ መጨረሻ ድረስ ምንም ሳይጫን አረፈ። በጥቅምት ሲጫን አልነከሰም፤ ዳገትና ቁልቁለት ያለ ችግር ተጓዘ፤ አጎቴ እስከ ወገዳ ገበያ ሄደውበት በሰላም ተመለሱ። ሁላችንም ደስ አለን። በኅዳር ግን ልጆቹ ለልምምድ ወደ ሜዳ ባወጡት ጊዜ ከኋላው ሦስት ፈረሶች ሲመጡ እንደ ሰማ ያው የቀድሞው ፈረስ ሆነ፤ በኋላ እግሮቹ ቆመ፤ ቀጥሎም ወደ ገደሉ በረረ። በላዩ የነበረው ልጅ የተረፈው ዘሎ በመውረዱ ነው። ሽማግሌው እንደ ገና መጥተው መረመሩት፤ ጀርባው ድኖ ነበር። ሜዳውና የሰኮናው ድምፅ ግን ከሕመሙ ጋር በአእምሮው ተቋጥረው ቀርተዋል።

በዚያው ወራት ከአጎቴ ሁለት በሬዎች አንዱ ሞተ። በታኅሣሥ ደግሞ ከበሽሎ ማዶ አንድ የፈረስ ነጋዴ መጣ። ዳማውን አስወጥቶ አስኬደው፤ አስሮጠው፤ ጥርሱን አየ፤ ከዚያም በሬ ተገዝቶበት የሚተርፍ ዋጋ ጠራ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ነጋዴው የሚፈልገው ለጥምቀት ጉግስ የሚሆን ፈረስ እንደ ሆነ በግልጽ ተናግሮ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ቆይቼ ያነበብሁትን ልጥቀስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ሕጉ ሻጭም የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። አጎቴ ግን ሕጉን አላነበቡም። ከበሽሎ ማዶ ያለ ገዢም ተመልሶ ይከሳቸዋል ተብሎ የሚፈራ አልነበረም። ታላቁ ልጃቸው ይህንኑ አነሣ፦ «አባቴ፣ አገሩ ሩቅ ነው፤ ማን ያውቃል?»

አጎቴ ለልጃቸው ሳይመልሱ ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ወንድሜ» አሉት፤ «ይህ ፈረስ ለመንገድ እንደ እርሱ ያለ የለም። ጉግስ ሜዳ ካስገባኸው ግን ሰው ይገድላል። የዚህን ልጅ ትከሻ የሰበረው እርሱ ነው።» ነጋዴው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ ዋጋውን ጨመረ። ንግግሩን ሁሉ ፈረሱን ላለመስጠት የቀረበ ምክንያት አድርጎ ወስዶት ነበር! ሰው ለመልካም ነገር ሐሰት ሲነገረው ያምናል፤ እንዲህ ያለ እውነት ሲነገረው ግን ብልሃት ፍለጋ ይጀምራል። አጎቴ ሁለተኛ ነገሩት፤ እርሱም ሁለተኛ ጨመረ። በመጨረሻ ፈረሱን ወደ ጋጣ አስገቡትና ለነጋዴው ጠላ አስቀዱለት።

ያን ማታ በቤቱ ውስጥ የነበረው ዝምታ ከባድ ነበር። የመኮላሸቱ ነገር እንደ ገና ተነሣ። ሽማግሌው ይህን አልደገፉም። «ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ብትኮላሸው ድንጉላነቱ ይጠፋል እንጂ ያየውን አይረሳም። ደግሞም ክፋቱ በዘሩ የመጣ ስላልሆነ ወደ ልጆቹ አይተላለፍም። እግሩና ሳንባው ግን የዘሩ ናቸው» አሉ። አጎቴ ይህን ቃል ብዙ ጊዜ በአእምሯቸው ሲያመላልሱት ቆይተው፣ ዳማው ከጉግስ እንዲወጣ፣ ለመንገድ እንዲያገለግልና ባዝራ ላላቸው ጎረቤቶች ለዘር እንዲሆን ወሰኑ። ታላቁ ልጅ ውሳኔውን አልወደደውም፤ ከበሬው ይልቅ ያንገበገበው የጥምቀት ዕለት በእግሩ መቆሙ ነበር።

የዚያን ዓመት ጥምቀት አጎቴ ጋቢያቸውን ለብሰው ከሽማግሎች ጋር ተቀምጠው ጉግሱን ተመለከቱ። «አያ፣ ፈረስዎ የት አለ?» እያሉ የሚጠይቋቸው ብዙዎች ነበሩ። እርሳቸውም «እቤት» ብለው ብቻ ይመልሱ ነበር። በበልጉ ወራት እርሻው የታረሰው ከአንድ ጎረቤት ጋር በሬ በመቀናጀት ነው፤ ተራ መጠበቅ ስለ ነበረብን አንዱ እርሻ ዘግይቶ ተዘራ። በግንቦት መጀመሪያ አንድ የሩቅ ጎረቤት ግራጫ ባዝራውን እየሳበ መጥቶ ከበሩ ላይ ቆመ።