ጽዋው በር ላይ ሲቆም

ወደ ቤትህ የገባ እንግዳ «ይህስ የክርስቲያን ቤት ነው» የሚለው ምን አይቶ ይመስልሃል? እኔ እስካለፈው ኅዳር ድረስ ብጠየቅ መልሱ ከአፌ አይርቅም ነበር። በግድግዳዬ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ወደ ድስታችን አይገባም፤ ሁዳዴንም 55ቱን ቀን እንጾማለን። ልጆቼ እንደ ሥርዓቱ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀናቸው ክርስትና ተነሥተዋል። ከማዕድ በፊት ጸሎት እናደርሳለን፤ ቴሌቪዥኑም ለዚያች ደቂቃ ዝም ይላል። (እውነቱን ለመናገር ዝም የሚለው ድምፁ ነው እንጂ ሥዕሉስ አይጠፋም።)

ነገር ግን እኔ የተወለድሁት አምበር ነው። አምበር፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀንንና ሉማሜን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የሚያገኛት ትንሽ ከተማ ናት። በልጅነቴ እንዳየሁት፣ በዚያ አገር ቤትን የሚመረምረው ጾም ብቻ አይደለም፤ ጽዋም ይመረምረዋል።

ምናልባት የጽዋ ማኅበር አላየህ እንደ ሆነ ባጭሩ ላጫውትህ። ጎረቤታሞች በአንድ ጻድቅ ወይም በአንድ መልአክ ስም ይሰበሰባሉ። የእኛዎቹ በየወሩ በ12 ቀን ቅዱስ ሚካኤልን ይዘክሩ ነበር። ሙሴ የሚባል መሪ አላቸው። በየወሩ ተረኛው ይደግሳል፤ ዳቦውና ጠላው በካህን ተባርኮ ይቀመሳል፤ ደጅ ለቆመ ነዳይም ይደርሰዋል። ሲያበቃ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ቀጣዩ ተረኛ ተረክቦ፣ ማኅበርተኛው አጅቦት፣ ሴቶቹ እልል እያሉ ወደ ቤቱ ይወስደዋል።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ተራው ለአባቴ ደረሰ። በዚያ ዓመት ግን አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በድንበር ተኳርፈው ነበር፤ ነገሩ አንድ ትልም የማይሞላ መሬት ነው። እናቴ ቤቱን ለቅልቃ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ጠላ ቀድታ ትጠብቃለች። ጽዋው እደጃችን ሲደርስ ሙሴው ቀጥ ብለው ቆሙና «ቤቱ ሰላም ነው ወይ?» አሉ። አባቴ መልስ አልሰጡም። እልልታው ቆመ። «እንግዲያውስ እኛም ከጽዋው ጋር እዚሁ እንቆያለን» አሉና ሽማግሌው ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እናቴ የቀዳችውን ጠላ መልሳ ከደነችው፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋው ያ እጇ ነው።

አባቴ ፋኖስ አንሥተው በጨለማ ወጡ። ካጥሩ ባሻገር ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም፤ የውሻው ጩኸት ብቻ ይሰማ ነበር። ሲመለሱ ጎረቤታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላቸው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ጽዋው ገባ፤ የእናቴም የመጀመሪያው ጉርሻ ለጎረቤታችን ሆነ። የድንበሩስ ነገር? ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ሲያርሱ ትንሽ ትንሽ እየሸሹ ይተዉለት ስለ ነበር መካከሉ ሣር አበቀለ። ጥጃችንን እዚያ ላይ አበላት ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። አዲስ አበባ የምንኖር ያገር ልጆች እንዲሁ ማኅበር አለን፤ ባለፈው ኅዳር 12 ጽዋውን የምረከበው እኔ ነበርሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግን ከተነጋገርን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። አባታችን ካረፉ በኋላ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ ሳያማክረኝ አስቆርጦ ሸጠ፤ እኔም በስልክ ለወንድም የማይባል ቃል ተናገርሁት። ገንዘቡን ለምን እንዳዋለው ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም።

በከተማችን ማኅበር «ቤቱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ በር ላይ የሚቆም የለም፤ ፎቅ የወጣ ሰው ቶሎ መቀመጥ ነው የሚፈልገው። የጠየቀችኝ ባለቤቴ ናት።

«ጽዋውን የት ልታስቀምጠው ነው?»

«ከሥዕሉ ሥር ነዋ!»

«ወንድምህ በማይገባበት ቤት?»

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ፣ መባ ይዞ ስለ ቀረበና ከወንድሙ ስለ ተጣላ ሰው የተነገረውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ሁልጊዜ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ለማኅበርተኞቹ ምክንያቱን ሳልናገር «አንድ ወር አቆዩልኝ» አልሁ።

ታኅሣሥ ሲገባ አምበር ወረድሁ። ወንድሜ አውድማ ላይ ጤፍ ያበራይ ነበር። አየኝ፤ በሬዎቹን ግን አላቆመም። ወደ አውድማው ልገባ ስል «ጋሼ፣ ጫማህን አውልቅ» አለኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አወለቅሁ። መንሹን አቀበለኝ፤ እጄ ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ገለባ ሳነሣ ዋልሁ። ማታ ሚስቱ የጾም ሽሮ አቀረበችና ከአንድ ትሪ በላን።

ይህን የምጽፍልህ ከዚያው ቤት ሆኜ ነው። የባሕር ዛፉ ነገር ገና አልተነሣም፤ ሽማግሌዎቹ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ጽዋውን ያቆየልኝ ባልንጀራዬም «አደራህ ከበደኝ፣ ቶሎ ና» ብሎ ደውሎልኛል። ወንድሜ አብሮኝ ይመጣ እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም፤ ዛሬ ጧት ግን ሚስቱ ነጩን ጋቢውን አጥባ ካጥሩ ላይ አስጥታዋለች።