ፍሬን የሌለው ሞተር፣ ልጓም ያላቸው ሽማግሌ

አንባብያን ሆይ! እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃችሁ ፍሬኑ የተነቀለ ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቶ «አፈር ሜዳ ላይ ልወዳደር» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? «ጸበል ውሰዱልኝ!» የሚል አይጠፋም። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነትም እኔ ይሄን ጉድ ያየሁት መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ግዛቱ ኢሊኖይ፣ ከተማው ስፕሪንግፊልድ።

ብዙ ሰው የኢሊኖይ ዋና ከተማ ቺካጎ ትመስለዋለች። አይደለችም። ዋና ከተማዋ ስፕሪንግፊልድ ናት። ከቺካጎ በመኪና ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍ ያለ መንገድ ነው። ግራው በቆሎ፣ ቀኙ በቆሎ፣ ፊት ለፊቱም በቆሎ! ተራራ የለመደ ያበሻ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ከተማዋ ግን ታሪክ አላት። አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በጥብቅና ሥራ የኖረው እዚያ ነው፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ምግብ ከጠየቃችሁ ደግሞ «ሆርስሹ» ይሏችኋል፤ የፈረስ ጫማ ማለታቸው ነው። ዳቦ ላይ ሥጋ፣ ሥጋው ላይ ክምር የድንች ጥብስ፣ በዚያ ላይ የቺዝ ስጎ ይደፋበታል። ምክሬን ከሰማችሁ ለሁለት አንድ እዘዙ።

የሞተር ፍቅር ያለበት ሰው ግን ወደዚያ የሚሄደው ለሊንከንም ለሆድም አይደለም። የግዛቱ ዓመታዊ ባዛር በሚካሄድበት ግቢ ውስጥ ዙሪያው አንድ ማይል የሆነ ሞላላ የአፈር ሜዳ አለ። ፈረስ የሚሮጥበት ሜዳ ነው። አሜሪካኖቹ «ሌበር ደይ» የሚሉት በዓል በመስከረም መባቻ አካባቢ ሲደርስ ፈረሱ ይወጣና ሞተሩ ይገባል። ያን ጊዜ ጥጋጥጉ ሁሉ በሰው ይሞላል።

★ አንድ ቀን፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ ቁጥር

የዚህን ሜዳ ክብር ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1953 ድረስ የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ሻምፒዮን የሚታወቀው በነጥብ ድምር አልነበረም። በዓመት አንዴ በዚህች ሜዳ ላይ አንደኛ የወጣ ሰው «1» ቁጥርን ሞተሩ ላይ ይለጥፋል፤ አለቀ! ጂሚ ቻን የተባለው ጋላቢ ከ1947 እስከ 1949 በሃርሊ ዴቪድሰን ሦስት ዓመት ተከታትሎ ወስዷታል። በ1953 ደግሞ ቢል ቱማን በኢንዲያን ሞተር አሸነፈ። ነገሩ ያሳዝናል፤ በዚያው ዓመት የኢንዲያን ፋብሪካ ማምረቱን አቆመ። የሚገርመው ፋብሪካውም የነበረው ስፕሪንግፊልድ ነው፤ ግን ሌላኛዋ፣ የማሳቹሴትሷ ስፕሪንግፊልድ! ስሙን የያዘ ሌላ ኩባንያ በ2017 እንደገና ሻምፒዮና እስኪወስድ ድረስ ስድሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ከ1954 ወዲህ ሻምፒዮናው በነጥብ ሆነ፤ የሜዳዋ ክብር ግን አልቀነሰም።

ጨዋታው ያደገው በተራው ሰው ሞተር ነው። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ገንዘብ ሲጠፋ፣ «ክላስ ሲ» የሚባል ደንብ ወጣ። ሰው ከሱቅ በሚገዛው ሞተር ይወዳደር ተባለ። የድሮዎቹ ሰዎች ሞተራቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ መብራቱን ይነቅላሉ፤ ይወዳደራሉ፤ ከተረፉ መብራቱን ገጥመው ወደ ቤታቸው ይነዳሉ። «ከተረፉ» ያልኩት ለቀልድ አይደለም።

★ ያለ ፍሬን እንዴት ይቆማል?

በዚህ ሞላላ ሜዳ ላይ መታጠፍ ያለው ወደ ግራ ብቻ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሞተሮቹ ፍሬን የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ የኋላ ፍሬን ተፈቀደ። የፊት ፍሬን ግን በሞላላው ሜዳ ላይ ዛሬም የለም። ምክንያት አለው። በአፈር ላይ ዘንብሎ ሲታጠፍ የፊት ጎማ ከተያዘ ጋላቢው ወዲያው መሬት ነው።

ታዲያ እንዴት ይቀዘቅዛል? ጋላቢው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ጋዙን ይቀንስና ሞተሩን ወደ ጎን ይወረውረዋል። የኋላ ጎማው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ መሪው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን ወደ ግራ ይሄዳል! አፈሩን የሚያርሰው ጎማ ራሱ ፍሬን ሆነ ማለት ነው። ግራ እግር መሬት ይነካል። ለዚህም ከቡትስ ጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጫማ አለ። በያጅ በልክ የሚሠራው ነገር ነው፤ ያለሱ ቡትሱም እግሩም አይተርፍም። የዛሬዎቹ ሞተሮች በቀጥታው መስመር ከ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሄደው ነው እንዲህ የሚታጠፉት።

★ የሽማግሌው ጋራዥ

ቺካጎ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጅ አለኝ። እሱ ነው ከአንድ ሽማግሌ ቤት ይዞኝ የሄደው። ሰውየው ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ሲሠሩ የኖሩት የእርሻ መሣሪያ ብየዳ ነው። በወጣትነታቸው ተወዳድረዋል፤ ወድቀዋልም፤ ግራ እግራቸውን ትንሽ ይጎትታሉ። ጋራዣቸው ውስጥ በ1960ዎቹ የተሠራች ባለ 500 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ትራያምፍ ቆማለች። የእንግሊዝ ሥራ ናት። ጋሪ ኒክሰን በ1967 እና በ1968 አሜሪካኖቹን ያንበረከከው በትራያምፍ ነበር። የድሮ ሞተሮች ውድድር ውስጥ «ፍሬን የለሽ» የሚባል ምድብ አለ፤ ሽማግሌው ያዘጋጇት ለዚያ ነው።

«እንዴት ነው የሚሠራው?» አልኳቸው። «መጀመሪያ የማያስፈልገውን ሁሉ ትነቅላለህ» አሉኝ። የፊት መብራት፣ የፍጥነት መቁጠሪያ፣ የፊት መከላከያ፣ ፍሬን፣ ሁሉም ይወጣል። ቴላዮውን ከቀጭን ቱቦ ራሳቸው በይደውታል። ቸርኬዎቹ ከፊትም ከኋላም 19 ኢንች ናቸው። መሪው እንደ በሬ ቀንድ ሰፊ ነው። ሞተሩን ፈተው ቫልቩን፣ ፒስተኑን፣ ኩሽኔታውን አንድ በአንድ አድሰዋል፤ የጠፋ ዕቃ ቶርኖ ላይ ራሳቸው አውጥተዋል። የካቴናውን ጥርስ እንደ ሜዳው ርዝመት ይቀይሩታል፤ ለአጭር ሜዳ ሌላ፣ ለረጅም ሜዳ ሌላ። ጋላቢው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ ደግሞ ከእጅ አንጓ ጋር ይታሰራል።

ከሁሉም ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ዋና ዋናዎቹ ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተበስቶ በቀጭን ሽቦ ታስረዋል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎንም እንደዚያው። በንቅናቄ ብዛት ብሎን ይላላል፤ ዘይት ጎማ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ የሚወድቀው የሞተሩ ባለቤት ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣውም ነው።

ሞተሯን የሚጋልባት ማን ነው? የልጅ ልጃቸው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። እዚህ ላይ ነው የቤቱ ጠብ! ባለቤታቸው ቡና እያቀረቡልን፣ «አንዱን እግር አምጥቶልኛል፤ ሁለተኛ እግር አላስታምምም» አሉ። ሽማግሌው ዝም። ልጁ ዝም። የብረት ጫማውን አሮጊቷ ዱቄት ከሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት እንደነበር ወዳጄ ቆይቶ ነገረኝ።

★ የቅዳሜው ነገር

የድሮ ሞተሮቹ ውድድር ቅዳሜ ዕለት በአንዲት ትንሽ ከተማ የባዛር ሜዳ ላይ ነበር። ዙሪያው ግማሽ ማይል ነው። ሜዳው ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ይጠጣል። አፈሩ በጎማ እየተደፈጠጠ ሲሄድ፣ የጎማው ላስቲክ ይለጠፍበትና ጥቁር የሚያብለጨልጭ መስመር ይወጣል። ከመስመሩ የወጣ ልል አፈር ውስጥ ይገባል። አሮጊቷም መጥተዋል፤ ቦርሳቸውን እቅፋቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ተቆጣጣሪው ሞተሯን ጠዋት አይቶ አሳልፏል። ልጁ በልምምዱ ጥሩ ሄደ። ሲመለስ ሽማግሌው በጨርቅ አቧራውን ይጠርጉ ጀመር። ድንገት እጃቸው ቆመ። ሞተሩ ከቴላዮው ጋር የሚያያዝበት ቦታ፣ ብየዳው ዳር ላይ ጥፍራቸውን አስኬዱ። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ! እኔ ጎንበስ ብዬም አላየኋትም።

ጎረቤት የቆመ ሰው «የብየዳ ማሽን አለኝ፣ በአሥር ደቂቃ እንጨርሰዋለን» አለ። ሌላው «ለአሥር ዙር ምን አላት!» አለ። ልጁ «አያቴ፣ እባክህን…» አለና ድምፁ ተሰበረ። የአንድ ዓመት ሥራ ነው እኮ! ሽማግሌው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ብሆን የምወጣባት እወጣ ነበር። ብየዳው የኔ ነው፤ ነፍሱ ግን ያንተ ናት። በችኮላ የተበየደ ላይ አላስቀምጥህም» አሉና ካንዴላዎቹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ነገሩ አበቃ።

ልጁ ተቆጥቶ ሄዶ አያቱ አጠገብ ተቀመጠ። አሮጊቷ የሆነውን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፈቱና የብረት ጫማውን አውጥተው ለባላቸው ሰጧቸው። «ለሚቀጥለው ዓመት እግሩ ስላደገ አስፋው» አሉ። ከዚያች ንግግር በኋላ ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ዕቃ መሰብሰብ ጀመሩ። ዓይናቸውን ግን አይቼዋለሁ።

እሁድ አምስታችንም ስፕሪንግፊልድ ሄድን። በማይሉ ሜዳ ላይ አንዱ ከአንዱ ኋላ ንፋስ እየተከለለ ስለሚጋልብ፣ ከመጨረሻው መታጠፊያ ቀድሞ የወጣው ብዙ ጊዜ መጨረሻው መስመር ላይ ይቀደማል። ልጁ ይሄን እያስረዳኝ ቁጣውን ረሳ።

★ መሄድ ለምትፈልጉ

ዘመድ ቺካጎ ወይም ሴንት ልዊስ ያላችሁ ብትኖሩ ጉዞው ከባድ አይደለም። የውድድሩን ቀን ግን ቀድማችሁ አጣሩ፤ በዝናብ የሚሰረዝበት ጊዜ አለ፤ እርጥብ አፈር ላይ አይጋለብም። ለጆሮ መድፈኛ፣ ለዓይን መነጽር፣ ለራስ ባርኔጣ ያዙ። ነጭ ልብስ አትልበሱ፤ ቡናማ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ። ሞተሮቹ የሚጠገኑበት አካባቢ ለተመልካች በሚከፈትበት ሰዓት ግቡ። ጠይቁ፤ የድሮ ሞተር ሠሪ ወሬ አይጠላም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልሰናበት። ልጃችሁ ሞተር ባይወድ ሌላ የሚያስፈራችሁን ነገር መውደዱ አይቀርም። መንገድ ይሆናል፣ ትዳር ይሆናል፣ ስደት ይሆናል። መከልከል ከቻላችሁ መልካም። ካልቻላችሁ ግን ጫማውን ደብቆ መተኛት አይበቃም፤ ወርዳችሁ ብሎኑን በሽቦ እሰሩለት። ስንጥቁንም ከሌላው ሁሉ በፊት ማየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ያያችሁ ቀን ደግሞ፣ ቢያለቅስም ቢቆጣም፣ ካንዴላውን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።