ጎላ አድርጎ መናገር

«ማጉላት» በሚለው ቃል ውስጥ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከትተን እንደያዝን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ድምፅ ማጉያ ስንል ትንሹን ትልቅ ስለማድረግ እያወራን ነው። «ነገሩ በጉልህ ይታያል» ስንል ግን የምናወራው ስለ ግልጽነት ነው። አጉሊ መነጽር ሁለቱንም አጣምሮ ይሠራል፤ ደቃቃዋን ፊደል ያተልቃታል፣ በዚያው ትለያለች። ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን ትልቅነትና ግልጽነት መንገዳቸው ይለያያል። ይህን ከመዝገበ ቃላት አልተማርኩትም፤ እናቴን አስለቅሼ ነው የተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሜ ታስሮ ነበር። እናቴ ስንቅ ስታመላልስ ከርማ ጉልበቷ ዝሏል፤ ጆሮዋ ከዚያም በፊት መክበድ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መፈታቱን ሰማሁና እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«እማዬ፣ ተፈታ!»

«ምን አልከኝ?»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ «ተፈታ!» ብዬ ጮህኩ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩት። ነጠላዋን ከትከሻዋ ጥላ ደረቷን ትደቃ ጀመር። ለካ «ተመታ» ብላ ሰምታኛለች! እኔ በጮህኩ ቁጥር መርዶው ይበልጥ እውነት ሆነባት፤ የምሥራች ይዞ እንደዚያ የሚጮህ ማን አለ? ጎረቤቱም እሪታውን ሰምቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ መግባት ጀመረ።

ያዳነችን የጎረቤት ልጅ ናት፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። እናቴ ፊት በርከክ አለችና ሁለት እጆቿን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ «እማማ፣ ወጣ እኮ! ማታ ቤት ይገባል» አለቻት። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እናቴ የልጅቱን አፍ አፍ ስታይ ቆየችና፣ «ወጣ? ልጄ ወጣ?» አለች። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ ሌላ ነው።

ምክንያቱን ቆይቶ አንድ ሐኪም አስረዳኝ። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። እንደ ፈ፣ ሰ እና ሸ ያሉት ተነባቢዎች ብዙው ኃይላቸው ከ2000 ሄርዝ በላይ ሲሆን፣ ወፈር ያሉት አናባቢዎች ግን ይቀራሉ። ስንጮህ ይበልጥ የሚያድገው ደግሞ አናባቢው ነው። እናቴ ጩኸቴን ሰምታለች፤ ቃሌን አልሰማችም። የጎደለውን ፊደል ፍርሃቷ ሞላው።

ሊ ደ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 ኦዲዮን የተባለውን አምፖል ከሠራ፣ በ1947 ደግሞ በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ ወዲህ ድምፅን ማሳደግ የሚቸግር ነገር አልሆነም። ዛሬ ሠርጉም ጉባኤውም ሞንታርቦውን አስቀድሞ ያቆማል። ይሁን እንጂ ተራ ማጉያ የሰጡትን ይቀበላል እንጂ አይመርጥም፤ ቃሉንም ኮሽታውንም አንድ ላይ ያሳድጋል። ማይክራፎኑን ወደ ሞንታርቦው ካዞሩትማ የገዛ ድምፁን መልሶ እየዋጠ ያፏጫል።

እኛስ ከዚህ በምን እንሻላለን? ያልተረዳንን ሰው ሁሉ እንዳልሰማን ቆጥረን ያንኑ ቃል እንጮህበታለን። እሱም የሚሰማው ቁጣችንን ነው። ከዚያ እየተጯጯህን እናመሻለን።

እናቴ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ሰው «ምን አልክ?» ሲለኝ መጀመሪያ የሚዘጋጀው ጉሮሮዬ ነው። ያን ጊዜ ያቺ ልጅ በርከክ ብላ ትታየኛለች። ፊቴን ወደ ሰውዬው አዞርና ሌላ ቃል እፈልጋለሁ።